በሮያ ሸለቆ ከተራራው በር እስከ ባሕሩ፤ ለብስክሌት ተጓዥ የሚሆን መመሪያ

በሰሜን በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ከሚወርዱት አፍላግ መካከል ሮያ በርዝመቱ ከታናናሾቹ የሚቈጠር ነው፤ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ወሰን ካለው ከታንድ በር ግርጌ ፈልቆ በቬንቲሚሊያ ከተማ ባሕር እስኪገባ ድረስ የሚጓዘው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ዳሩ ግን 1,871 ሜትር ከፍታ ካለው ከዚያ በር ሥር ተነሥቶ በዚህች አጭር ርቀት እስከ ባሕር ወለል ስለሚወርድ፣ በላይ የበረዶና የጥድ አገር፣ በመካከል የገደልና የቀይ ድንጋይ አገር፣ በታች የወይራና የሎሚ አገር ሆኖ፣ በተራራ ብስክሌት የሚከተለውን ሰው ከአንዱ የአየር ጠባይ ወደ ሌላው እያሻገረ ይወስደዋል። ጉልበት ያለው ጐበዝ ሸለቆውን በአንድ ቀን ወርዶ ሊጨርሰው ይችላል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ግን የፍሬኑን ሸራ ከመጨረስ በቀር ያተረፈው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው ጉዞውን በአራት ቀን ከፍለው፣ እያረፉና እያስተዋሉ መውረድ ለሚፈልጉ አንባብያን ነው። በዚህ አገር መንገዱን የቀየሰው፣ ድንጋዩን የፈለፈለው፣ አንዳንድ ጊዜም ሰው የሠራውን መልሶ የሚያፈርሰው ውሃ ስለ ሆነ፣ ተጓዡ ከብስክሌቱ ጠባይ አስቀድሞ የውሃውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል፤ ከዚህ በታች የሚነበበው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አሳብ ነው።

በመጀመሪያ የሚቈርጡት ነገር ወራቱን ነው። በታንድ በር ላይ የተከመረው በረዶ በአገራችን አቈጣጠር እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ አልፎ ስለሚቈይ፣ ከዚያ በፊት የሚሄድ ሰው መንገዱን በጭቃና በበረዶ ተዘግቶ ያገኘዋል። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ በታችኛው ሸለቆ ፀሐዩ ድንጋዩን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ በላይኛውም ከቀትር በኋላ መብረቅ ያዘለ ደመና ይሰበሰባል። የተመረጡት ጊዜያት እንግዲህ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ግን ባሕሩ በበጋው ሙቀት ግሎ ብዙ እንፋሎት ይሰጣል፤ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስም ያንን እንፋሎት እየገፋ ከባሕሩ ዳር በቅርብ ርቀት ወደ 3,000 ሜትር ከሚጠጉት ተራሮች ጋር ያጋጨዋል፤ የተጋጨውም ሁሉ በአንድ ሌሊት ዝናም ሆኖ ይወርዳል።

ይህ ነገር ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ለማወቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በ2020 ዓ.ም. ኦክቶበር 2 ቀን የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አሌክስ የሚል ስም የተሰጠው ዐውሎ ነፋስ በዚያ ቀን በሮያና በጎረቤቶቹ በቬዙቢና በቲኔ ሸለቆዎች ሲያልፍ፣ በአንዳንድ ቦታ ከ500 ሚሊሜትር በላይ ዝናም ጥሎ፣ ድልድዮችን ነቅሎ፣ ቤቶችን ከነመሠረታቸው ወስዶ፣ የታንድን መንደር መካነ መቃብር እንኳ ከፊሉን ጠርጎ ሄደ። መንደሮቹ ከዓለም ተለይተው በተከበቡ ጊዜ ስንቅና መድኃኒት ያደረሰላቸው ባቡሩ ነበር፤ ከታንድ በር በታች ተራራውን ሰርስሮ ወደ ኢጣሊያ የሚያሻግረው የመኪና ዋሻም እስከ 2025 ድረስ ተዘግቶ ቈየ። ይህን ያነሣሁት ተጓዡን ለማስፈራራት አይደለም፤ ከዚያ ቀን በፊት የታተመ ካርታ የሚያሳየው የእግር መንገድ ዛሬ ላይኖር እንደሚችል እንዲያውቁትና እንዲጠነቀቁበት ነው። ስለዚህ በየማለዳው ሁለት ነገር ያድርጉ። አስቀድመው የአየር ትንበያውን ይመልከቱ፤ በፈረንሳይም በኢጣሊያም ማስጠንቀቂያው በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በብርቱካንና በቀይ ቀለም ይነገራል፤ ብርቱካን ከሆነ ያን ቀን ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው በመንደሩ ይዋሉ። ቀጥለው በመንደሩ የቱሪዝም ቢሮ ወይም ባደሩበት ቤት የትኛው መንገድ እንደ ተከፈተ፣ የትኛውም እንደ ተዘጋ ይጠይቁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም በወንዙ አሸዋ ላይ ተኝቶ ማረፍ አይገባም፤ በላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ግድቦች ውሃ በለቀቁ ጊዜ ወንዙ ዝናም ሳይኖር በድንገት ይሞላልና። በየዳርቻው የተተከሉት ቢጫ ሰሌዳዎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

ወደ ብስክሌቱ ስንመጣ፣ ከፊት ለፊቱ ብቻ ስፕሪንግ ያለው ብስክሌት ለዚህ ጉዞ ይበቃል፤ ከኋላም ያለው ቢሆን በላይኛው መንገድ ላይ ለወገብ ዕረፍት ይሰጣል። ጎማው ሰፊና ጥርሱ ያልተበላ ይሁን፤ ነፋሱንም እንደ ከተማ መንገድ አያጥብቁት። ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ለሚነዳ፣ ክብደቱም ወደ 70 ኪሎ ለሚሆን ሰው ከ1.6 እስከ 1.9 ባር ተስማሚ ነው፤ ካላማዳሪ ያለው ግን ጎማው ስለታም ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ካላማዳሪው በቸርኬው ተቈንጥጦ እንዳይቀደድ ትንሽ ያጠንክረው። የፍሬኑን ሸራ ከመነሣትዎ በፊት ይለውጡ፤ ትርፍ ሸራ፣ ሁለት ካላማዳሪ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻና ለማርሹ ማንጠልጠያ ብረት ምትክ ይያዙ፤ በላይኛዎቹ መንደሮች ጎሚስታ ወይም ብስክሌት ጠጋኝ አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ። ብስክሌቱን በዚያው የሚከራዩ ከሆነ ደግሞ በተለይ ከእንግሊዝ አገር የሚመጡ ሰዎች ልብ ይበሉ፤ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ብዙውን ጊዜ የፊቱን ጎማ የሚይዘው የግራው እጅ ፍሬን፣ የኋላውን የሚይዘው የቀኙ ስለ ሆነ፣ ይህን ሳይለማመድ ቁልቁለት የገባ ሰው ከብስክሌቱ ፊት ተወርውሮ ይወድቃል። የራስ ቁር፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ የሚይዝ ዕቃ አይለይዎ። በመላው አውሮፓ የድንገተኛ አደጋ ስልክ ቍጥሩ 112 ነው።

ከስንቁ ሁሉ ጋር ፓስፖርቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን መያዝ አይዘንጋ። መንገዱ ሁለት መንግሥታትን ያቋርጣል፤ የፈረንሳይ መንግሥት ከ2015 ጀምሮ በዚህ ወሰን ላይ ፍተሻ ስለ መለሰ፣ በባቡር ጣቢያዎችና በአውራ ጎዳናው ላይ ፖሊሶች ተሳፋሪውን ያስቆማሉ፤ መልኩ እንደ እኛ የጠቈረ ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚጠየቅ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱ በእጅ ከሆነ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ጉዞ እንግባ። ሸለቆውን ከታች ወደ ላይ በብስክሌት መውጣት የሚቻል ቢሆንም፣ በአውራ ጎዳናው ላይ ከጭነት መኪና ጋር መጋፋት ስለ ሆነ አልመክረውም፤ ይልቁንም ከቬንቲሚሊያ ወደ ኩኔዎ የሚሄደውን ባቡር ይሳፈሩና በታንድ በር ማዶ ባለችው በሊሞኔ ከተማ ይውረዱ። በኢጣሊያ ባቡር ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት መቍረጥ ያስፈልጋል፤ ቦታውም ጥቂት ስለ ሆነ በማለዳው ባቡር መሄድ ይሻላል፤ መሥመሩ ብዙ ጊዜ ጥገና ስለሚደረግለትም የጊዜ ሰሌዳውን አስቀድመው ያረጋግጡ። ይህ የባቡር ሐዲድ በ1928 ተመርቆ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው፣ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ በ1979 እንደገና የተከፈተ ነው። ባቡሩ ከፍታውን የሚያገኘው በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጠመዘዘ በሚወጡ ዋሻዎች ነው፤ ተሳፋሪው ከአንዱ ዋሻ ሲወጣ፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በአጠገቡ ያለፈውን ድልድይ ከእግሩ በታች ያየዋል። በቀኝም በግራም እያዩ ይሂዱ፤ በሚቀጥሉት ቀናት የሚወርዱበት ገደል ሁሉ ከመስኮቱ ይታያል።

ከሊሞኔ እስከ በሩ ያለው መንገድ አስፋልት ሆኖ ወደ 900 ሜትር ገደማ የሚያስወጣ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ንግግር ለማድረግ በሚያስችል እስትንፋስ ይውጡት፤ ከሦስት ሰዓት በታች ለመጨረስ አይቸኩሉ፤ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ቁልቁለት የሚያስፈልገው ጉልበት የሚቈጠበው በዚህ ነውና። በበሩ ላይ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ የኢጣሊያ መንግሥት ያሠራቸው ስድስት ምሽጎች አሉ፤ በ1947 በፓሪስ በተደረገው የሰላም ውል የታንድና የላ ብሪግ መንደሮች ወደ ፈረንሳይ ሲተላለፉ እነሱም በፈረንሳይ ወገን ቀሩ። ከመካከላቸው ትልቁ ማዕከላዊ ምሽግ ይባላል፤ ግንቡ ፈራርሶ አደጋ ስላለበት ከውጭ ማየት ይበቃል። ትርፍ ቀን ያለው ሰው ከዚህ በር ወደ ምሥራቅ የሚነሣውን የጨው መንገድ ሊይዝ ይችላል፤ ጠርዝ ለጠርዝ ከ1,800 ሜትር በላይ እየሄደ እስከ ሞኔዚ 39 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ጥርጊያ ነው።

ከበሩ ወደ ታንድ የሚወርደው አሮጌ መንገድ ከ40 በላይ እጥፋቶች አሉት። በ1882 ከሥሩ ዋሻው ከተከፈተ ወዲህ ነጋዴውና ሠረገላው ትተውት፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የቀረ የጠጠር መንገድ ነው። የዚህ መመሪያ ዋና ትምህርት የሚሰጠው በዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራ። ገና ልምድ የሌለው ሰው ቁልቁለት ሲጀምር ፍሬኑን ይዞ ሳይለቅ እስከ ታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ይግላል፤ ሙቀቱ በፍሬኑ ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ሲዘልቅ መያዣው እየላላ ይሄድና በመጨረሻ ቢጫኑትም አይዝም። ትክክለኛው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ቀጥ ባለው ክፍል ብስክሌቱን ይልቀቁት፤ እጥፋቱ 15 ሜትር ያህል ሲቀርዎት በሁለቱም ፍሬን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አንድ ጣት፣ አጥብቀው ግን ሳይነጥቁ ይያዙ፤ ወደ እጥፋቱ ሲገቡ ፍሬኑን ይልቀቁና በደረሱበት ፍጥነት ይዙሩ። በሚዞሩበት ጊዜ የፊቱ ፍሬን ከተያዘ ጎማው ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። በቁልቁለቱ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ብለው፣ ፔዳሎቹን በአግድም አስተካክለው፣ ተረከዝዎን ወደ ታች ጥለው፣ ጉልበትና ክርንዎን አላልተው ይቁሙ። ዓይን ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ እጥፋቱ መውጫ ይመልከት፤ አካል ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና።

እያንዳንዱን እጥፋት ቀረብ ብሎ ያየው ሰው የውሃውን ሥራ ያነብበዋል። በውስጠኛው ወገን ዝናሙ የቦረቦረው ጠባብ ቦይ አለ፤ በውጭኛው ወገን ደግሞ ጎርፍ የገፋው ልቅ ጠጠር ተከምሮ ከድንጋይ ካቡ ጫፍ ደርሶአል። ጎማው ሊሄድበት የሚገባው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ስፋቱ ከሁለት ክንድ የማይበልጠው፣ ጭቃው ደርቆ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረው መሥመር ነው። ቦዩ መንገዱን አቋርጦ በሚያልፍበት ቦታ በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብለው ይሻገሩ። በየአሥር እጥፋቱ ያህል ቆመው ፍሬኑን ያቀዝቅዙ፤ ዕረፍቱ ለእጅ መዳፍም ነው።

በዚህ ከፍታ በጎች ይሰማራሉ። ተኵላ በሜርካንቱር ተራሮች እንደገና የታየው በ1992 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እረኞች ፓቱ የሚባሉትን ትልልቅ ነጫጭ ውሾች ከመንጋው ጋር ያሰማራሉ። ውሻው በብስክሌት የሚሮጥን ነገር ሁሉ እንደ አውሬ ስለሚቈጥር፣ መንጋ ባዩ ጊዜ ከሩቁ ይውረዱ፤ ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል አድርገው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው እየተናገሩ፣ ዓይኑን ሳያፈጥጡበት፣ መንጋውን ከሩቅ ዞረው በእግር ይለፉ። ድንጋይ ማንሣት ወይም በትር መሰንዘር ነገሩን ያባብሰዋል። ከእረኞች ጋር ያደገ አንባቢ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ቀን ለዓይንና ለልብ የተመደበ ነው። አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ድንጋይ ከተገነባችው ከታንድ ተነሥተው ወደ ላ ብሪግ ይሻገሩ፤ ከመንደሩም አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ በጠባቡ መንገድ ተጕዘው፣ በአጠገቡ ከሚፈልቁት ምንጮች ስሙን ወዳገኘው ወደ ኖትር ዳም ዴ ፎንቴን ቤተ ክርስቲያን ይድረሱ። በር የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድመው በላ ብሪግ ይጠይቁ። ሕንጻው ከውጭ ሲታይ ጌጥ የሌለው፣ በጥድ መካከል የቆመ ተራ ቤት ነው፤ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ጆቫኒ ካናቬዝዮ የተባለ ካህን ሠዓሊ በ1492 የፈጸመው ሥዕለ ሕማማት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይቀበለዋል። ከሆሣዕና ጀምሮ የጌታ መከራ በቅደም ተከተል የተሣለ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ኢትዮጵያዊ የማንንም አስተርጓሚነት ሳይሻ የሰሙነ ሕማማትን ንባብ በዓይኑ ይከታተላል። የአስቆሮቱ ይሁዳ በግብረ ሐዋርያት እንደ ተጻፈው ሆዱ ተሰንጥቆ አንጀቱ ተዘርግፎ፣ ነፍሱንም በትንሽ ሰው አምሳል ዲያብሎስ ከሆዱ ሲመዝዛት ይታያል። ከዚህ ሥዕል ፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቁሙ፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ከእጅ ሥራ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። ጫማዎ ጭቃ ከያዘ ከደጅ ያራግፉ። ሲመለሱ በመንደሩ ሱጄሊ የሚባለውን፣ በጣት እየተጫኑ የሚሠሩትን ፓስታ ይብሉ።

ከላ ብሪግ ዝቅ ብሎ ሳን ዳልማ ይገኛል፤ ለትንሽ መንደር የማይገባ የሚመስለው ታላቅ የባቡር ጣቢያ በዚህ የወሰን ጣቢያ በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው። ትርፍ ቀን ያለውን ሰው ከዚህ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ወደ ቤጎ ተራራና ወደ ተአምራት ሸለቆ ያደርሳል። በዚያ በዘመነ ነሐስ የነበሩ ሰዎች በበረዶ በተላገ ድንጋይ ላይ የቀረጹአቸው ወደ 40,000 የሚጠጉ ምስሎች አሉ፤ ጩቤና ቀንድ፣ ከሁሉም ይልቅ የእኛን ሰው የሚያስደስተው ጥማድ በሬ ከነቀንበሩና ከነሞፈሩ። ነገር ግን ሕጉን ልብ ይበሉ፤ ይህ ቦታ በ1979 በተቋቋመው በሜርካንቱር ብሔራዊ ፓርክ ልብ ውስጥ ስለ ሆነ ለብስክሌት የተከለከለ ነው። ብስክሌቱን በሳን ዳልማ ባደሩበት ቤት አደራ ሰጥተው በእግር ይሂዱ፤ ምስሎቹን በእጅ አይንኩ፤ ጫፉ ብረት የሆነ ምርኵዝም አይያዙ። በክልከላው የሚያጕረመርሙ ብስክሌተኞች አሉ፤ እኔ ግን አራት ሺህ ዓመት ያህል የቆየ ጭረት ለአንድ ጎማ ጥርስ ተላልፎ መሰጠት አይገባውም እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ወደ ገደል ይገባል። ከሳን ዳልማ እስከ ፎንታን ዐለቱ እንደ ወይን አተላ የጠቈረ ቀይ ነው፤ መንገዱ ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን በጠባብ ስለሚሄድ፣ መኪና ሳይበዛ በማለዳ፣ መብራት አብርተው ይለፉት። ከፎንታን በኋላ አውራ ጎዳናውን ትተው ወደ ሳኦርዥ የሚወጣውን መንገድ ይያዙ። መንደሩ በገደሉ አፋፍ ላይ በደረጃ በደረጃ ተደርድሮአል፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብና ደረጃ ያላቸው ስለ ሆኑ ብስክሌቱን ገፍተው እንጂ ተቀምጠው አይሂዱ። በመንደሩ ራስ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የፍራንቸስኮስ መነኮሳት ገዳም ዛሬ ለጸሐፍያን ማረፊያ ሆኖአል፤ ከአትክልቱ ስፍራ ሸለቆው በሙሉ ይታያል። ከዚያ ወደ ብሬይ የሚወርደው የበቅሎ መንገድ የዚህ ጉዞ ጠንካራው ክፍል ነው። ድንጋይ የተነጠፈበት ስለ ሆነ ጠል ባለበት ማለዳ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ እርጥብ ከሆነ ይጠብቁ፤ ካልደረቀም በእግር ይውረዱ። በየመስቀለኛው ቍጥር የተጻፈበት የእንጨት ምሰሶ አለ፤ በካርታው ላይ ያለውን ቍጥር ከምሰሶው ጋር እያስተያዩ ይሂዱ። እግረኛ ሲያጋጥምዎ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ ቆመው ቦንዡር ብለው ያሳልፉት።

ብሬይ 300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የወይራ አገር ናት። ካዬቲዬ የሚባለው ትንሽ ጥቍር ወይራ በእርከን ላይ ይበቅላል፤ የእርከኖቹ ካብ ያለ ጭቃ የተሠራ ስለ ሆነ በብስክሌት መዝለል ወይም መደገፍ የገበሬውን ድካም ማፍረስ ነው። ከእነዚህ እርከኖች ባለቤቶች አንዱ ሴድሪክ ኤሩ፣ ከቬንቲሚሊያ ወሰኑን ተሻግረው ለመጡ ስደተኞች መጠለያ በመስጠቱ ተከስሶ ነበር፤ ብዙዎቹ ስደተኞች ከሱዳንና ከኤርትራ፣ ከእኛም አገር የመጡ ነበሩ። ነገሩ እስከ ፈረንሳይ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ደርሶ፣ ምክር ቤቱ በ2018 ጁላይ 6 ቀን ወንድማማችነት የሕገ መንግሥት ኃይል ያለው መሠረተ ሕግ መሆኑን ወሰነ። በእርከኖቹ ሥር ሲያልፉ ይህን እንዲያውቁ እወዳለሁ፤ እኛ ለደስታ የምንወርድበትን ሸለቆ የአገራችን ልጆች በሌሊት፣ በእግርና በባቡር ሐዲድ ዳር ወጥተውታል።

አራተኛው ቀን ከብሬይ እስከ ባሕሩ ነው። ከብሬይ በታች ወሰኑን ተሻግረው ወደ ኢጣሊያ ሲገቡ ፋንጌቶና አይሮሌ የሚባሉ መንደሮች በኰረብታ ላይ ይታያሉ። አውራ ጎዳናው በዚህ ክፍል ረጃጅም ዋሻዎች አሉት፤ ለብስክሌት የተከለከለ ምልክት ካዩ ወደ አሮጌው መንገድ ይታጠፉ፤ በተፈቀደውም ዋሻ ውስጥ ቢሆን የኋላ መብራት ሳያበሩና አንጸባራቂ ሰደርያ ሳይለብሱ አይግቡ፤ ከጸሐይ ብርሃን በድንገት ወደ ጨለማ የገባ መኪና ነጂ ለጥቂት ጊዜ ምንም አያይምና። ሙቀቱ ስለሚጨምር ከቀትር በፊት ቢደርሱ መልካም ነው። ቬንቲሚሊያ እንደ ደረሱ በወንዙ ቀኝ ዳር ይሂዱ፤ አሮጌው ከተማ ከኰረብታው ላይ፣ ድልድዩ ከፊት ለፊትዎ ይሆናል፤ ወንዙም በጠጠሩ መካከል ተከፋፍሎ ባሕር ይገባል። ብስክሌቱን በባሕሩ ዳር ጠጠር ላይ አይንዱት፤ የባሕሩ ጨው ሰንሰለቱንና ፍሬኑን ይበላቸዋል። ጨው የነካው ከሆነ በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ ሰንሰለቱን አድርቀው ዘይት ይቀቡት። ወደ ፈረንሳይዋ ከተማ ወደ ኒስ የሚሄዱ ከሆነ ባቡሩ ከዚሁ ከተማ ይነሣል፤ ፓስፖርቱን ከቦርሳው በላይ ያድርጉት።